ብልቃጡ ውስጥ ምን አለ?

ከ150 ዓመት በፊት በእናቶች ጭንቀት ይነግዱ የነበሩ የጋዜጣ ማስታወቂያዎች

የዛሬ 150 ዓመት ገደማ በሲድኒ ወይም በሜልበርን ከተማ የታተመ ጋዜጣ እጅዎ ቢገባ መጀመሪያ የሚያስገርምዎ የፊት ገጹ ነው። ትልቅ ርዕስ የለውም፣ ፎቶግራፍ የለውም፣ ዜናም የለውም። ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን ፊደል የታጨቀ ማስታወቂያ ነው። ዜና የፈለገ ሰው ገጽ መግለጥ ነበረበት። “ሲድኒ ሞርኒንግ ሄራልድ” የተባለው አንጋፋ ጋዜጣ የፊት ገጹን ለዜና የለቀቀው በ1944 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመኑ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ይባላል። ከ1837 እስከ 1901 እንግሊዝን የገዛችው ይህች ንግሥት ለእኛም እንግዳ አይደለችም፤ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ጽፈውላት መልሱ ቢቀርባቸው የተቀየሙባት ናት። አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ካናዳና ሕንድ በእርሷ ዘውድ ሥር ነበሩ። በየቅኝ ግዛቱም ጋዜጣ ይታተም ነበር። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እነዚያን ጋዜጦች ጠብቀው ዛሬ ማንም ሰው በኢንተርኔት በነፃ እንዲያነባቸው አድርገዋል።

ማስታወቂያዎቹ የዕለት ተዕለት ኑሮን ያሳያሉ። ከለንደን መርከብ ሲገባ ነጋዴው ጭነቱን ይዘረዝራል፤ ሻይ፣ ስኳር፣ ሻማ፣ ጫማ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ካካዎ፣ ሳሙና። እኔ ግን ዕድሜዬን በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝና ዓይኔ የሚያርፈው ለሕፃናት በሚሸጠው ላይ ነው። የሚያስተኛ ሽሮፕ፣ ለጥርስ ማውጫ የሚሆን ዱቄት፣ ጡጦ፣ የታሸገ ወተት፤ ሁሉም ለእናት የቀረበ ነው፤ ሁሉም ያባብላል። አንድ ነገር ግን አይናገርም፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ።

ሐኪም ሩቅ፣ ጋዜጣ ቅርብ

እነዚያ እናቶች ሞኞች አልነበሩም። ባሏ በጎች በሚያረባበት በአውስትራሊያ ገጠር የምትኖር አንዲት ወጣት እናት አስቡ። እናቷ፣ አክስቷ፣ ያደገችበት ጎረቤት ሁሉ ባሕር ማዶ ቀርቷል። እንደኛ አገር አራስ የሚጠይቅ፣ ገንፎ የሚያገነፋ፣ ሕፃኑን ተቀብሎ “አንቺ ትንሽ ተኚ” የሚል ሰው የላትም። ሐኪም ለማግኘት የቀናት ጉዞ ያስፈልጋል። ጋዜጣው ግን በፖስታ ሠረገላ እስከ ደጇ ይመጣል።

መድኃኒት ደግሞ ለነጋዴ የተመቸ ዕቃ ነበር። ትንሽ ነው፣ በመርከብ ወራት ቢጓዝም እንደ ቅቤ አይበላሽም፣ ትርፉም የሚገርም ነው። “በቻም ፒልስ” የሚባሉትን እንክብሎች እንውሰድ። ማስታወቂያው አንዷ ሣጥን አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሽልንግ፣ ታወጣለች ይል ነበር። 56 እንክብል የያዘችው ሣጥን የምትሸጠው ግን በአንድ ሽልንግ ከአንድ ፔኒ ተኩል ነው፤ ገዢው ርካሽ ያገኘ ይመስለዋል። በ1909 የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር እንክብሉን አስመርምሮ ሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና ሆኖ አገኘው። የ56ቱ እንክብል ጥሬ ዕቃ ዋጋ የፔኒ አንድ ስምንተኛ ገደማ ነበር። ከመሸጫው ዋጋ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። የቀረው ገንዘብ የሚሄደው ለትርፍና ለሌላ ማስታወቂያ ነበር።

የሚያስተኛው ሽሮፕ

ሌሊቱን ሙሉ የሚያለቅስ ሕፃን ያሳደገ ሁሉ የዚያን ሰዓት ጭንቀት ያውቀዋል። ማስታወቂያ ጸሐፊዎቹም ያውቁት ነበር። “የወይዘሮ ዊንስሎ ማስታገሻ ሽሮፕ” በ1849 በአሜሪካ ሜይን ግዛት መሸጥ የጀመረ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ጋዜጦች ላይ ሳይቋረጥ የሚወጣ ስም ሆነ። ማስታወቂያው ከእናት ለእናት የተጻፈ ምክር ይመስላል። እንቅልፍ ያጣችውን እናት ያዝንላታል፤ ልጇ ጥርስ ሲያወጣ እንደሚያመው ይነግራታል፤ ሽሮፑ እንደማይጎዳና ሕፃኑ በሰላም ተኝቶ እንደሚነሣ ያረጋግጥላታል።

ሕፃኑ ይተኛል፤ እዚህ ላይ ውሸት የለም። የሚያስተኛው ግን ሞርፊን ነው። በአሜሪካ በተደረገ ምርመራ በ30 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ውስጥ 65 ሚሊ ግራም ያህል ሞርፊን ተገኝቷል። በአንድ የሻይ ማንኪያ ሲሰላ ወደ 11 ሚሊ ግራም ይጠጋል። ለማነጻጸር ያህል፣ በሆስፒታል ከባድ ሕመም ላለበት አዋቂ ሰው በመርፌ የሚሰጠው የተለመደ መጠን 10 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ እሱም ትንፋሹ እየተጠበቀ። “ጎድፍሬይ ኮርዲያል” የሚባለው ከዚያ የቆየ ጣፋጭ መድኃኒት ደግሞ ኦፒየም ነበረበት።

ኦፒየምና ሞርፊን ሕፃንን በሁለት መንገድ ይጎዳሉ። አንደኛው ፈጣን ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ትንፋሽን ያዘገያል፣ ያቆማልም። ሁለተኛው ቀስ ያለ ነው፤ የደነዘዘ ሕፃን አይርበውም፣ አይጮኽም፣ ጡት አይጠባም። ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ልጁ ግን ከቀን ወደ ቀን ይመነምናል። እናትም ከሳ ብላ ትጨነቅና ያንኑ መድኃኒት ትጨምርለታለች። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር በ1911 ይህን ሽሮፕ “ሕፃን ገዳዮች” ከሚላቸው መድኃኒቶች ተራ መደበው። ያም ሆኖ ከገበያ የጠፋው በ1930 አካባቢ ነው።

የጥርስ ዱቄትና ቀይ እጆች

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የሞት መዝገብ ላይ “ጥርስ ማውጣት” ራሱን የቻለ የሞት ምክንያት ተደርጎ ይጻፍ ነበር። ሕፃናት ብዙ ጊዜ የሚሞቱት ጥርስ በሚያወጡበት ዕድሜ ነውና ጥፋቱ ሁሉ በጥርሱ ላይ ተላከከ። እውነተኛው ምክንያት ግን በዚያው ዕድሜ ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብና ውሃ መቅመስ መጀመሩ፣ መዳህና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ መክተቱ ነበር። እኛም ዘንድ “ጥርስ ሲያወጣ ያስቀምጠዋል” እየተባለ ሕክምና የዘገየበት ሕፃን ጥቂት አይደለም።

ለዚህ ፍርሃት የተዘጋጀው ዕቃ የጥርስ ማውጫ ዱቄት ነው። ከታወቁት አንዱ የሆነው “ስቲድማን” በቅኝ ግዛቶቹ ጋዜጦች ለዓመታት ማስታወቂያው አልተቋረጠም። ዱቄቱ ካሎሜል የሚባል የሜርኩሪ ቅመም ነበረበት። ካሎሜል ሆድ ስለሚያስኬድ እናት “ሠራለት” ትላለች።

በ1914 ሃሪ ስዊፍት የተባሉ የአውስትራሊያ አደሌድ ከተማ ሐኪም አንድ እንግዳ የሕፃናት ሕመም ለሙያ ባልደረቦቻቸው ገለጹ። የሕፃኑ እጅና እግር ቀልቶ ያብጣል፣ ቆዳው ይላጣል፤ ያልበዋል፣ ብርሃን ይጠላል፣ ሌት ተቀን ይነጫነጫል። ሕመሙ “ሮዝ በሽታ” ተባለ። ምክንያቱን ፍለጋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ጆሴፍ ዋርካኒ የተባሉ ሐኪም በታመሙት ሕፃናት ሽንት ውስጥ ሜርኩሪ አገኙ። በእንግሊዝ አምራቾቹ በ1954 ካሎሜሉን ከዱቄቱ ሲያወጡ በሽታው እንደ ጉም ተነነ። ሕፃናቱን ያሳመማቸው ወላጆቻቸው ለፈውስ ብለው የሰጧቸው ዱቄት ነበር።

ጡጦውና ቆርቆሮው

የዘመኑ ጡጦ እንደ ዛሬው አልነበረም። ጠፍጣፋ የብርጭቆ ጠርሙስ ሆኖ ረጅም የጎማ ቱቦ ይቀጠልበታል፤ በቱቦው ጫፍ ላይ የሚጠባው ጎማ አለ። ጠርሙሱ ሕፃኑ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሕፃኑም ተኝቶ ራሱ ይጠባል። ሥራ ለበዛባት እናት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ማስታወቂያዎቹም ይህንኑ ያሞግሱ ነበር፤ ለጡጦዎቹም እንደ “የእማማ ውድ” ያለ የፍቅር ስም ይሰጡ ነበር።

ችግሩ ቱቦው ውስጥ ነው። ጣትም ብሩሽም አይደርስበትም። ወተቱ ጎማው ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ይኮመጥጣል፣ ጀርም ይራባበታል። ሕፃኑ በእያንዳንዱ ጉርሻ ያንን ይውጣል፤ ከዚያ ተቅማጥ፣ ከዚያ ድርቀት ይከተላል። ሐኪሞች “ገዳይ ጡጦ” እስከማለት ደርሰዋል። ፈረንሳይ ቱቦ ያለውን ጡጦ በ1910 በሕግ ከልክላለች።

በጡጦው ውስጥ የሚገባውስ? ሄንሪ ኔስሌ በ1867 በስዊዘርላንድ ወተት፣ ስኳርና የስንዴ ዱቄት ቀላቅሎ ያወጣው የሕፃናት ምግብ ብዙም ሳይቆይ ቅኝ ግዛቶቹ ድረስ ዘለቀ። ስኳር የበዛበት የቆርቆሮ ወተትም እንዲሁ። እናት የሌላቸውንና ጡት ማግኘት ያልቻሉትን ሕፃናት የጠቀመበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ውሃው ንጹሕ ባልሆነበት ቦታ ዱቄቱ ከበሽታ ጋር ይበጠበጣል። ቅባቱ የወጣለት የቆርቆሮ ወተት ደግሞ ቪታሚን “ኤ” እና “ዲ” ስለሚጎድለው ያወፍራል እንጂ አጥንትና ዓይን አይጠብቅም።

ይህ ታሪክ ከቪክቶሪያ ጋር አልተቀበረም። በ1939 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በሲንጋፖር ይሠሩ የነበሩት የሕፃናት ሐኪም ሲስሊ ዊሊያምስ፣ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ለአራስ ሕፃናት ምግብ ነው ብሎ ማስተዋወቅን ከነፍስ ግድያ ጋር አመሳስለው በአደባባይ ተናገሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ የእናት ጡት ወተትን የሚተኩ ምርቶች እንዴት ለገበያ መቅረብ እንዳለባቸው የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ ደንብ ያጸደቀው በ1981 ነው። በመካከሉ 42 ዓመት አለፈ።

ሰውን እንዴት አሳመኑ?

ማስታወቂያዎቹን ደጋግሞ ያነበበ ሰው ጥቂት ዘዴዎች ተመላልሰው ሲመጡ ያያል።

አንደኛው ማኅተም ነው። በእንግሊዝ በየመድኃኒቱ ሣጥን ላይ የመንግሥት ቴምብር ይለጠፍ ነበር። ቴምብሩ ግብር ለመክፈሉ ደረሰኝ ነው እንጂ ማንም መድኃኒቱን መርምሮ አልፈቀደም። ነጋዴዎቹ ግን “የመንግሥትን ቴምብር አይተው ይግዙ” ይላሉ፣ ሕዝቡም መንግሥት ያረጋገጠው ይመስለዋል። ሞርፊን፣ ክሎሮፎርምና ካናቢስ ይዞ ለሳል፣ ለተቅማጥና ለኮሌራ ይሸጥ የነበረው “ክሎሮዳይን” በዚሁ ቴምብር ይመካ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ነው። “እገሊት የተባለች ሴት አልጋ ይዛ ነበር፣ አሁን ቤቷን ታስተዳድራለች” ይላል ጋዜጣው። ባለቤታቸው ካናዳዊ የነበረው “የዶክተር ዊሊያምስ ሮዝ እንክብሎች” ማስታወቂያቸውን ልክ እንደ ዜና አስመስለው በማስጻፍ የታወቁ ነበሩ። አንባቢው የአገሩን ወሬ የሚያነብ መስሎት ይጀምርና መጨረሻው ላይ እንክብሉን ያገኘዋል። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ እንክብሉ ውስጥ ብረት ነበረበት፤ ደም ያነሳትን ሴት ሊጠቅም ይችላል። ስለዚህም አንዳንዱ ምስክር እውነቱን ነው። ያ እውነት ግን ለሽባነትም ለቁርጥማትም ያድናል ለሚለው ወሬ መሸፈኛ ሆነ። የእኛ ሰው “ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች” የሚለው እንዲህ ላለው ነው።

ሦስተኛው ስም መለወጥ ነው። “የዎልፍ ስኪዳም ሽናፕስ” ለኩላሊትና ለሆድ ይጠቅማል ተብሎ በአውስትራሊያ ጋዜጦች በብዛት ይተዋወቅ ነበር። ጂን ነው፤ አረቄ።

ሳሙናውም ሁለት ፊት ነበረው

ከዚያ ዘመን ማስታወቂያ ሁሉ ለጤና የጠቀመ ዕቃ ምረጪ ብባል ሳሙናን እመርጣለሁ። “ሰንላይት” በ1884 ሲወጣ ሳሙና እየተቆረጠ በሚዛን ከመሸጥ አልፎ ተጠቅልሎ፣ ስም ወጥቶለት በየቤቱ ገባ። እጅ መታጠብ የስንቱን ሕፃን ነፍስ እንዳተረፈ መናገር አያስፈልግም።

ነገር ግን በ1880ዎቹ “ፒርስ” የተባለው ሳሙና ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ጥቁር ሕፃን ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሲታጠብ ገላው ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ፊቱ ብቻ ጥቁር ቀርቷል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ የእኛን መልክ እንደ እድፍ ቆጥሮታል። ያ ሥዕል አርጅቷል፣ ሐሳቡ ግን በየመደብሩ በተደረደሩት ቆዳ የሚያነጡ ቅባቶች ላይ ሲኖር አያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስጠነቅቀው ከነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እናት የተቀባችው በእጇና በልብሷ በኩል ለልጇም ይደርሳል።

መጨረሻው እንዴት መጣ?

እነዚህን መድኃኒቶች ያዳከማቸው አምራቾቹ አዝነው አይደለም፤ “ውስጡ ያለውን ጻፍ” የሚል ሕግ ነው። አሜሪካ በ1906 ባወጣችው ሕግ ሞርፊን፣ ኦፒየም፣ አልኮልና መሰል ነገሮች ያሉበት መድኃኒት ይህንኑ በመለያው ላይ እንዲገልጽ አስገደደች። በአውስትራሊያ በመንግሥት የተሾሙት ኦክታቪየስ ቢል የተባሉ የፒያኖ አምራች ጉዳዩን መርምረው በ1907 ወፍራም ሪፖርት አቀረቡ። ኒውዚላንድ በ1908 ሐሰተኛ የመድኃኒት ማስታወቂያን የሚከለክል ሕግ አወጣች።

ጋዜጦቹስ? ከነዚሁ አምራቾች በሚያገኙት የማስታወቂያ ገንዘብ ይኖሩ ስለነበር ብዙዎቹ ዝም ብለዋል። ይህንን ስጽፍ እኔም በጋዜጣ ላይ መሆኔን አልረሳሁም። አንባቢ ማስታወቂያውንም ጽሑፉንም በአንድ ዓይን ሊመረምር ይገባል፤ የእኔንም ጭምር።

ለእኛ ቤት

ዛሬ ማስታወቂያው በጋዜጣ ብቻ አይመጣም፤ በልጆቻችን ስልክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ይመጣል። ዘዴው ግን ያው ነው፤ ማኅተም፣ ምስክር፣ የፍቅር ስም። “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” እንዲሉ፣ ለልጅ የሚሰጥ ነገር ቤት ከመግባቱ በፊት አራት ጥያቄዎችን ልምድ እናድርግ።

አንድ፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ካልተጻፈ ወይም በማናነበው ቋንቋ ከተጻፈ ፋርማሲስት እንጠይቅ። “የተፈጥሮ ነው” ማለት መልስ አይደለም፤ ኦፒየምም ከአበባ የሚገኝ የተፈጥሮ ነገር ነው።

ሁለት፣ ለዚህ ልጅ ዕድሜና ክብደት ስንት ነው የሚሰጠው? ለታላቁ የታዘዘ ሽሮፕ ለታናሹ አይተርፍም። የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ እንዲያስተኛ ተብሎ ለሕፃን አይሰጥም።

ሦስት፣ የሚናገረው ማን ነው? ዕቃውን የሚሸጠው ሰው ከሆነ ሌላ ሰው እንጠይቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በአቅራቢያችን አለች።

አራት፣ ባንሰጠውስ? ጤነኛ ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም፣ ቅቤም፣ አብሽም አያስፈልገውም። ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ድዱን በታጠበ ጣት ቢያሹለት ይበቃዋል። ከፍተኛ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ካለው ግን ጥርሱን አንክሰስ፤ ተቅማጥ ለያዘው ጡት ሳናቋርጥ ኦ.አር.ኤስ. እየሰጠን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ሰውነቱ የዛለ፣ ለመጥባት እምቢ ያለ ወይም ከወትሮው በላይ የሚተኛ ሕፃን አንድ ቀን አይደርለትም።

ለአያቶች የምጨምረው አንድ ነገር አለ። የዚያችን የባሕር ማዶ እናት በማስታወቂያ እጅ የጣላት ብቸኝነት ነው። እንቅልፍ ያጣች ምራት ወይም ልጅ ካለችዎ ለሁለት ሰዓት ሕፃኑን ይቀበሏት። የሚያለቅሰውን ልጅ አዝለው፣ እሹሩሩ እያሉ ሲንጎራደዱ እናቱ ትተኛለች። ይህን የሚተካ ሽሮፕ እስከ ዛሬ አልተሠራም።